በእህቴ ስም የዘፈንኩበት በጋ

ሂዩስተን፣ 1954

ሰኞ፣ ጁን 14

ሎሪን ደም ተፋች።

ቅዳሜ ቦሞንት ላይ ዘፍና ከመድረክ እንደወረደች ነው አሉ። ሳክስፎን የሚነፋላት ክሎቪስ ዛሬ ጠዋት በመኪናው አምጥቶ ቤት አስገባት። ደም የነካውን ፎጣ ጠቅልሎ ከጀርባው ደብቆት ነበር፤ አክስቴ ኡላሊ ነጥቃ አየችው።  ወደ ጓሮ ይዛው ወጣችና አቃጠለችው።

ሐኪሙ ከምሳ በኋላ መጣ። ማዳመጫውን ጀርባዋ ላይ አድርጎ "ተንፍሺ" ሲላት፣ ከመንገዱ ማዶ ከፀጉር ቤቱ ሬዲዮ የራሷ ዘፈን ጀመረ። "ሐሙስ ነው ያልከኝ"። ከኤፕሪል ወዲህ በዚህ ሰፈር ይህን ዘፈን ሳይሰሙ ዳቦ መግዛት አይቻልም። ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ "ይህቺን ሴትዮ ዝም የሚያሰኛት የለም እንዴ?" አለ። ማን መሆኗን አላወቀም። ሎሪን አየችኝ። ሳቋ አመለጣት፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ደግሞ...

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላት።

"ከፋሲካ።"

ከፋሲካ! እኔ ስምንት ዓመት በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት የሰው አንሶላ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ። የማን ጨርቅ ላይ ምን እንዳለ ከሩቅ እለያለሁ። የእህቴን መሐረብ ግን አላየሁም። ራሷ ታጥበው ነበር። እኔ ደግሞ "ዝና መጣና ባለሙያ አደረገሽ" እያልኩ እቀልድባት ነበር።

ሐሙስ፣ ጁን 17

ራጁ ደረሰ። የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ግራ ሳንባዋ ላይ። ለእኛ ለጥቁሮች የተሠራው የሳንባ ሆስፒታል ያለው ኮረብታማው አገር ነው፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። መዝፈን የለም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት መናገርም የለም፤ ሳንባው ማረፍ አለበት።

"ስንት ወር?" አልኩት ሐኪሙን።

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሃያ ሁለት።"

ሐኪሙ ቦርሳውን ዘጋ።

ዘፈኑ እንዴት እንደተሠራ እዚህ ልጻፈው፤ ኋላ ማንም እንዳያጣምመው። አባታችን ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። "ሐሙስ እመጣለሁ" ብሎ ወጣና በዚያው ቀረ። እናታችን እስክትሞት ድረስ በየሐሙሱ ጣቢያው ድረስ ትሄድ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ሎሪን ሸሚዝ እየተኮስን ሠራነው። ሠራችው። የሠራችው እሷ ናት።

ሐሙስ ነው ያልከኝ፣ ይኸው ሐሙስ መጣ፣
ባቡሩም ደረሰ፣ ካንተ በቀር ሰው ሁሉ ወጣ።

"ሰው ሁሉ ወጣ" የምትለዋን ግን እኔ ሳልላት አልቀረሁም። ይመስለኛል።

ሸክላው ላይ ከርዕሱ ሥር የታተመው ስም ደግሞ የሁለታችንም አይደለም። "ደራሲ፦ ዊትሎ" ይላል። ሚስተር ዊትሎ የሸክላ ኩባንያው ባለቤት ነው። ሎሪን ዘፈኑን ስታሰማው ዓሣ ጥብስ እየበላ ነበር። ያደረገው አስተዋጽኦ ይኸው ነው።

ዓርብ፣ ጁን 18

ሚስተር ዊትሎ ራሱ ቤታችን መጣ። ነጭ ሱፍ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። ሎሪን ጓዳ ተኝታ ነበር።

"እህትሽ እንደ ልጄ ናት፣ ሚስ ቨርሊን" አለ።

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"እስከ ሴፕቴምበር ድረስ በየከተማው ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሕዝቡ ሎሪን ጊድሪን እየጠበቀ ነው።"

"ሎሪን ጊድሪ ታማለች።"

"ዘፈኑ አሁን ትኩስ ነው። በዚህ በጋ በየአዳራሹ ካልተዘፈነ ለገና የሚያስታውሰው አይኖርም። ልጅቷም አብራ ትረሳለች። ድና ስትመጣ ምን ይጠብቃት?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ሰምቼሻለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ቁርጥ እሷን ነሽ። ፎቶዋን ያየ ሰው የለም። ቀሚሱ አለ፣ ባንዱ አለ..."

አክስቴ ከወጥ ቤት ጮኸች፦ "ዓይንህን ጨፍነህ ስትሄድማ ከግድግዳ ጋር ትላተማለህ! ይልቅ ቀይ ባቄላዬ ሳያርር ውጣልኝ!"

እምቢ አልኩት። ሦስት ጊዜ እምቢ አልኩት።

ከሄደ በኋላ የሎሪንን ሰማያዊ ቀሚስ አውጥቼ ለበስኩት። ብል ነክቶት እንደሆነ ማየት ስላለብኝ ነው። አልነካውም። ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ያህል መልቀቅ ይፈልጋል።

እሑድ፣ ጁን 20

አደረስኳት። መንገዱን ሁሉ ከአውቶቡሱ ኋላ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ሄደች። ላባ ሆናለች። በረንዳ ላይ አልጋ ሰጧት፤ አየሩ ነው መድኃኒቱ ይላሉ። ሃያ ሴቶች በረድፍ ተኝተዋል፣ አንዳቸውም አይናገሩም። ነርሷ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። "ከአሁን ወዲያ አፍሽ ይህ ነው" አለቻት።

ነርሷ ዞር ስትል ሎሪን ጆሮዬን ስባ በሹክሹክታ አንድ ነገር አለችኝ፦

"ዘፈኔን ጠብቂልኝ፣ እትዬ።"

ልክ እንዳለችው ነው የጻፍኩት። ዘፈኔን ጠብቂልኝ። ሌላ ምን ትርጉም ሊኖረው ይችላል?

ቅዳሜ፣ ጁን 26፣ ጋልቬስተን

ቶሎ ልጻፍ፣ ሊጠሩኝ ነው። ባሕሩ እዚህ ድረስ ይሸታል። ቀሚሱ ብብቴን ይዞኛል። ክሎቪስ ሰላም አላለኝም። ቅድም አስተዋዋቂው ማይክሮፎኑን እየሞከረ "ሎሪን ጊድሪ!" ሲል ዞር ብዬ ፈለግኳት።

ማክሰኞ፣ ጁን 29

ሆቴሉ ለሳምንት ፈቃድ ሰጥቶኛል። የጋልቬስተኑን እንዲህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ላይ ድምፄ አልወጣም። ክሎቪስ መግቢያውን ሁለቴ ነፋው። ሦስተኛው ላይ ገባሁ። "ሐሙስ ነው ያልከኝ" ስል፣ ከፊቴ የነበሩት ሴቶች በሙሉ እጃቸውን አነሱ፤ ልክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያነሱት። ወደብ ላይ የሚሠራ የሚመስል ግዙፍ ሰውዬ ቆሞ አለቀሰ። "ካንተ በቀር" ላይ ስደርስ እኔ ዝም አልኩና እነሱ ጨረሱት። ሦስት መቶ ሰው፣ ባንድ አፍ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንደ ግዴታ ነው የሠራሁት። ለእሷ ስል ነው። ይህንን ደጋግሜ ለራሴ ነገርኩት።

ስወርድ ክሎቪስን "እንዴት ነበር?" አልኩት።

"ጮክ ያለ ነበር" አለኝ።

እሱና ሎሪን ሊጋቡ ነበር። ነው። ሊጋቡ ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 8፣ ሌክ ቻርልስ

ሥራዬን ለቀቅኩ። አክስቴ ከእኔ ጋር መነጋገር አቁማለች፤ ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና ግድግዳውን ታያለች።

ሁለት መኪና፣ ሰባት ሰው። ነዳጅ ማደያዎቹ ነዳጅ ይሸጡልናል፣ ሽንት ቤት ግን አይከፍቱልንም። ጫካ እንወርዳለን። ብስኩትና ሰርዲን እየበላን፣ መኪና ውስጥ እየተኛን ነው የምንጓዘው። እሷ ይህን ሁሉ ከእነዚያ መሐረቦች ጋር ችላዋለች።

ትናንት ከመድረኩ ጀርባ ሁለት ሴቶች መጋረጃው ማዶ ሊፕስቲክ እየተቀቡ ሲያወሩ ሰማሁ።

"ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ይላሉ። እንዲያ ከሆነማ እኔንም አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው በዪኝ!"

"ተዪአት፣ ኑሮ አስረጅቷት ነው። ድምጿን ግን ሰማሽው? ከሸክላው ይበልጣል።"

"ሸክላው ላይ ያለችዋ ልጅ ናት። ይቺ ግን የደረሰባት ናት።"

ከሸክላው ይበልጣል አሉ። የሰማሁትን መጻፌ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 15፣ ቤት

ደብዳቤ መጣ። ሎሪን እንዲህ ትላለች፦

"እትዬ፣ ክብደት ጨምሬአለሁ። ሁለት ፓውንድ! መርፌው ጆሮዬን ያጮኸዋል። እዚህ በረንዳው ላይ ሬዲዮ አለ፣ ዘፈኔ ሲመጣ ሴቶቹ በጣታቸው አልጋውን ይመታሉ፤ በአፍ ስለማይፈቀድ። አስቢው፣ ሃያ ሴቶች በጣት ሲደንሱ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሬዲዮው ላይ 'ሎሪን ጊድሪ ጁላይ 24 ቅዳሜ ሽሪቭፖርት ትገኛለች' ሲል ሰማሁ። ተሳስተው ነው አይደል? ሚስተር ዊትሎ አላስቀረውም እንዴ? ጻፊልኝ። ክሎቪስም ስለ አየሩ ብቻ ነው የሚጽፍልኝ።"

መልስ ጻፍኩ። የአክስቴ ዶሮ ከአጥር በላይ እንደምትዘል ነገርኳት። ሙቀቱ አስፋልቱን እንዳቀለጠው። የደብሩ ቄስ እንደሚጸልዩላት።

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ካስገባሁ በኋላ ነው ጥያቄዋን እንዳልመለስኩ ያስታወስኩት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 24፣ ሽሪቭፖርት

ነጭ ልጅ ዘፈነችው።

መኪና ውስጥ ሆነን ነው የሰማነው፣ በነጮቹ ጣቢያ። ቫዮሊን አለበት። ከበሮው እንደ ሰዓት ይቆጥራል። ቃላቱ የእኛ ናቸው፣ መጨረሻው ብቻ አይደለም። በእሷ ዘፈን ሰውዬው ሐሙስ ዕለት ይመጣል። አበባ ይዞ ይመጣል!

የሚነዳልን ከበሮ መቺ መኪናውን ዳር አቆመ።  ከዚያ ክሎቪስ ከኋላ፦

"እናትሽ ይህንን ብትሰማ ምን ትል ነበር?"

"አንዲት ቀን እንኳ አልመጣም" አልኩ።

"አውቃለሁ። ሎሪን ነግራኛለች።" ከተነሳን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። "ሌላዋ ሰርቃታለች ብለን እየተናደድን፣ ቨርሊን፣ እኛ ምን እያደረግን ነው?"

"እሷ ጠብቂልኝ ብላኛለች!"

"ታዲያ ለምን አትጽፊላትም?"

አንተስ ለምን አትጽፍላትም ልለው ነበር። ዓይኑን ሳየው ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 3

ሚስተር ዊትሎ ቢሮው አስጠራኝ። የነጯ ልጅ ሸክላ የእኛን ከተፈላጊ ዘፈኖች ዝርዝር እያወረደው ነው። ሌላ ዘፈን በቶሎ መውጣት አለበት፣ በዚያው ስም።

"በእኔ ድምፅ?"

"በሎሪን ጊድሪ ድምፅ" አለ፣ እየሳቀ። "ሌላ ዘፈን የላትም? ደብተር ምናምን?"

"የላትም" አልኩ።

ደብተሩ የእኛ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ካልሲዎቿ ሥር። ማንም እንዲነካው አትፈልግም። እኔም አልነካሁትም። ከፍቼ ያየሁት እርጥበት ገብቶበት እንደሆነ ለማየት ብቻ ነው።

"መስኮቱን ክፈቱልኝ" የሚል አለ። አንዱ ስንኝ ጎድሏል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ሐሙስ፣ ኦገስት 5

"መስኮቱን ክፈቱልኝ"ን በሸክላ ቀዳነው። አራት ጊዜ ሞክረን አራተኛው ተወሰደ። የጎደለውን ስንኝ እኔ ሞላሁት።

አልጽፍም ዛሬ።

ሰኞ፣ ኦገስት 9

እንቅልፍ የለም። ምግብ የለም። አክስቴ ዝምታዋን ሰበረች፦ "አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ስትሞት እጄ ላይ ያስቀመጠቻችሁ ሁለት ልጆች ናችሁ። አንዷ ከአንዷ አፍ ነጥቃ እንድትበላ አላሳደግኳችሁም።"

"ለእሷ ብዬ ነው፣ አክስቴ።"

"እንደሱ ከሆነ ንገሪያት።"

ዓርብ፣ ኦገስት 20

ወደ ሚስተር ዊትሎ ሄጄ ሸክላው እንዳይወጣ ለመንኩት። ወለሉ ላይ ልንበረከክ ምንም አልቀረኝም ነበር።

"ሚስ ቨርሊን፣ ትናንት እኮ ለሬዲዮ ጣቢያዎቹ ተልኳል" አለ። እውነት ያዘነ ይመስል ነበር። "እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ይህን ቤት የከፈትኩት ነጮቹ በራቸውን ለእኛ አልከፍት ስላሉ ነው። ዝም ብል ይውጡናል።"

"እኛን ደግሞ እርስዎ ይውጡናል?"

ባርኔጣውን አንስቶ አቧራውን አራገፈ። አቧራ አልነበረበትም።

ለሬዲዮ ጣቢያዎቹ። በረንዳው ላይ ሬዲዮ አለ። መድረስ አለብኝ፣ ከሬዲዮው መቅደም አለብኝ። ቅዳሜ ላፋየት ነኝ። ማክሰኞ አሌክሳንድሪያ። ያለችኝ ክፍት ቀን የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ብቻ ናት።

ሰኞ፣ ኦገስት 30

አልቀደምኩም።

ትናንት ደረስኩ። ሎሪን ጉንጯ ሞላ ብሏል፣ ዓይኗ ግን ጎድጉዷል። ልስማት ስጎነበስ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ አራቀችኝ። ሰሌዳውን አነሳች፤ ረጅም ጊዜ ጻፈችና አዞረችልኝ።

"ሞቼ ከሆነ ለምን አልነገራችሁኝም?"

ሁሉንም ነገርኳት። ጋልቬስተንን፣ ቀሚሱን፣ ደብተሩን። ሚስተር ዊትሎ አስገደደኝ አልኩ። ለአንቺ ብዬ ነው አልኩ። ስምሽ እንዳይጠፋ አልኩ። ጠብቂልኝ ብለሽኝ የለም ወይ አልኩ። ዙሪያዬን ያሉት አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ጣሪያውን እያዩ ያዳምጡ ነበር። መናገር አይችሉም፣ መሄድም አይችሉም። እኔ ብቻ ነበርኩ የምለፈልፈው።

ሰሌዳውን በእጅጌዋ ጠረገችው። እንደገና ጻፈች፦

"'መስኮቱን' ያላለቀው ስንኝ ጠፍቶኝ አይደለም። እናታችን ስትሞት ያለችውን ላስገባበት ፈልጌ አልችል ብዬ ነው። አንቺ ምን አስገባሽበት?"

ምን አስገባሁበት? "ጨረቃዋ ወጣች" ነው ያልኩት። ቤት ስለመታልኝ።

ማሳል ጀመረች፣ ነርሷ መጣችና አስወጣችኝ። ኮሪደሩ ላይ ነርሷ፦ "ትኩሳቷ ሐሙስ ነው የተመለሰው። ሬዲዮው ላይ አንድ ዘፈን ሰምታ ከአልጋ ወርዳ ልትዘጋው ስትሮጥ ወደቀች። የምን ዘፈን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም" አልኳት።

አላውቅም አልኳት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 11

ደብዳቤ ከሆስፒታሉ። መርፌው ብቻውን አልበቃም። ጎኗን ከፍተው ሰባት የጎን አጥንት ያወጣሉ፣ የታመመው ሳንባ እንዲተኛ። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት። ከአምስት አራቱ ይተርፋሉ ይላል። የተረፉትም በአንድ ሳንባ ነው የሚኖሩት።

የሚመጣው ቅዳሜ በዚሁ በሂዩስተን በትልቁ አዳራሽ የጉዞው መዝጊያ ነው። ሁለት ሺህ ሰው።

አክስቴ ኡላሊ ሻንጣዋን አዘጋጀች። "ትመጫለሽ?" አለችኝ።

"ፊቴን ማየት አትፈልግም።"

"እኔ የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።"

ውል አለብኝ፣ ሰዎቹ ተዘጋጅተዋል፣ ባንዱ በእኔ ላይ ነው የቆመው አልኳት። ይህን ሁሉ ስል ከመስታወቱ ፊት ቆሜ ፀጉሬን እጠቀልል ነበር። አክስቴ አላየችኝም ብዬ ነበር። አይታኛለች።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 18

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ቴሌግራም የለም።

አንድ ሰዓት። የለም። ሰው እየገባ ነው። ክሎቪስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሳክስፎኑን አቅፎታል፣ እንደ ሕፃን።

"በሕይወት ከሌለች" አለኝ፣ "እኛ አሁን የምንሠራው ምንድን ነው?"

ሊጠሩኝ ነው።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 19

እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ምንም አልቀንስም።

አስተዋዋቂው "ሎሪን ጊድሪ!" አለ። ወጣሁ። መብራቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ክሎቪስ መግቢያውን አልነፋም፤ ሳክስፎኑን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ቆሞ ነበር። ከበሮ መቺውም እጁን አቆመ። 

"ስሜ ቨርሊን ነው" አልኩ። ማይክሮፎኑ ጮኸ። "ሎሪን እህቴ ናት። ዘፈኑን የሠራችው እሷ ናት፣ ሸክላው ላይ የምትሰሟት እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት ጎኗን ከፍተዋታል። ትኑር ትሙት አላውቅም። ይህን በጋ በሙሉ በስሟ ስዘፍንላችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ጠርሙስ ይወረውሩብኛል ብዬ ነበር። ያን እፈልገው ነበር፣ አሁን ሳስበው።

 ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው፣ በቀልድ ድምፅ፦

"ሎሪንም ሁኚ ቨርሊንም ሁኚ፣ ሐሙስን ዝፈኚልን!"

ሳቁ። ሁለት ሺህ ሰው ሳቀ። በእግራቸው ወለሉን መምታት ጀመሩ፦ ሐ-ሙስ! ሐ-ሙስ! ክፋት አልነበረባቸውም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሲጠርጉ፣ ወደብ ላይ ሲሸከሙ ከርመው ሊደንሱ ነው የመጡት። አንዲት ሴት ብቻ ከፊት ረድፍ አፏን በእጇ ሸፍና ታየኝ ነበር።

ወረድኩ። አልዘፈንኩም። ከኋላዬ የቀረው ባንድ ሙዚቃ ሲጀምር ሰማሁ፤ ዞር ስል አንዲት ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ከሌላኛው ጎን እየወጣች ነበር። ሚስተር ዊትሎ መጋረጃው ጋ ቆሟል።

"ከዳላስ ናት" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። "ሳምንቱን ሙሉ አዘጋጀኋት። ወደ እህትሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነበር። ሰው የሆነ ሁሉ ይሄዳል ብዬ።"

"ስሟ ማን ነው?"

"ሎሪን ጊድሪ" አለ። "ስሙ የኩባንያው ነው።"

ልጅቷ ደህና አድርጋ ትዘፍናለች።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 21

ቴሌግራሙ ትናንት ደረሰ። "ተርፋለች። ደካማ። ኡላሊ።" ፖስታ ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝግ ነበር።

ክሎቪስ በመኪናው ይዞኝ ሄደ። መንገዱን ሁሉ ሦስት ነገር ብቻ ተናገረ። ሦስተኛው፦ "እኔም ስለ አየሩ ጻፍኩላት፣ ቨርሊን። በጋውን ሙሉ ስለ አየሩ።"

በር ላይ አክስቴ አስቆመችን። ክሎቪስን አስገባችው። እኔን "ገና ነሽ" አለችኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 1

እዚሁ ቀረሁ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንሶላ አፈላለሁ፣ አሰጣለሁ፣ እተኩሳለሁ። የበረንዳው አንሶላዎች የትኞቹ እንደሆኑ በቁጥራቸው አውቃለሁ። በአሥራ ሁለት ቁጥሩ፣ በሎሪን አንሶላ ላይ፣ ከረቡዕ ወዲህ ደም የለም።

እስካሁን አልጠራችኝም። እኔም አልሄድኩም። በማጠቢያው ቤት ሬዲዮ የለም፤ ይሻላል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 10

ዛሬ ጠራችኝ።

ነርሷ "በቀን አሥር ደቂቃ እንድትናገር ተፈቅዶላታል፣ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው፣ አታድክሚያት" አለችኝ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ሄድኩ። ሎሪን በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ግራ ትከሻዋ ወደ ታች ወርዷል፤ ጎኗ እንደ ተሰበረ ቅርጫት ገብቷል። ክሎቪስ እግሯ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ተነስቶ ወጣ።

አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ አዲስ በሽተኛ ገብታለች፣ ከዋኮ የመጣች ወፍራም ሴትዮ። ሬዲዮው "ሐሙስ ነው ያልከኝ"ን ያሰማ ነበር፣ የእኛን፣ የመጀመሪያውን። ሴትዮዋ አልጋዋን በጣቷ ትመታለች።

"እሷ ናት እኮ" አልኳት፣ ወደ ሎሪን እያመለከትኩ። "የምትሰሚው ድምፅ የእህቴ ነው።"

ሴትዮዋ ሎሪንን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ያንን ትከሻ፣ ያንን አንገት። ሰሌዳዋን አንስታ ጻፈች፦ "እኔ ደግሞ የሳባ ንግሥት ነኝ።"

ሎሪን ሳቀች። ድምፅ አልነበረውም ሳቁ፣ አየር ብቻ ነው። ነገር ግን ሳቀች፣ አላሳለችም። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

"እትዬ" አለች። ድምጿን አላወቅኩትም። ቀጭን፣ የሻከረ፣ በየቃሉ መሃል የሚቆም። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትዋሺኝ።"

"አልዋሽሽም።"

"ስትዘፍኚው... ደስ አለሽ?"

ለእሷ ብዬ ነው ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አስገደዱኝ። ግዴታ ነው። በጋውን ሙሉ እዚህ ደብተር ላይ ስጽፈው የከረምኩት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር።

"አዎ" አልኳት። "በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።"

ዓይኗን ጨፈነች። ከዓይኗ ጥግ ውሃ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገችውም። ውጪ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ጋልቬስተን አልዘፈንኩም እኔ" አለች በመጨረሻ። "ከአምስት አዳራሽ በላይ አላየሁም። አምስቱንም ደሙን ስውጥ ነበር፣ ሰዎቹን አላየኋቸውም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ስድስት ደቂቃ ቀርቶኛል። እኔ አልችልም፣ አንቺ ተናገሪ። 'ካንተ በቀር' ስትይ ምን ያደርጉ ነበር? ከመጀመሪያው ጀምሪ። ማንንም አታስቀሪብኝ።"

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ስለ ጋልቬስተን፣ እጃቸውን ስላነሱት ሴቶች፣ ቆሞ ስላለቀሰው የወደብ ሰውዬ ነገርኳት። ስድስት ደቂቃው አልቆ ነርሷ በሩ ላይ ስትቆም፣ ሎሪን አፏን ሳትከፍት በጣቷ "ቀጥዪ" አለችኝ። ቀጠልኩ።